«ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ታዲያ ዘመዳሞች አይደሉም?»

የአንባቢያን ጥያቄና የቋንቋ መምህሩ መልስ፣ ከሐዋሳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የእንግዳ ተቀባይ ነኝ። በዚህ ሳምንት ሁለት እንግዶች አሉን። አንደኛው ከህንድ፣ ከአሳም የመጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቦዶ ይባላል። ሁለተኛዋ ከፔሩ፣ ከኩስኮ የመጣች የወፍ ተመራማሪ ናት፤ እሷ ደግሞ ኬችዋ ትናገራለች። ቁርስ ላይ ተዋውቀው ስለ ቋንቋዎቻቸው ሲያወሩ አረፈዱ። በሁለቱም ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሁለቱም በቃሉ ጫፍ ላይ ቅጥያ እየደረደሩ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም «እሱ» እና «እሷ» ብለው አይለዩም። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከእስያ ነው የሄዱት፤ ስለዚህ ቋንቋዎቹ ወንድማማቾች ናቸው» አለ። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። እውነቱ ምንድን ነው?
እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ልጄ፣ ልብሽ እውነቱን ነግሮሻል። ቦዶና ኬችዋ አይዛመዱም። በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ባሰናብትሽ ግን እበድልሻለሁ፤ ጥያቄሽ ከዚያ የሚበልጥ ነውና። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፤ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሆቴላችሁ መጣሁ። አንቺ ተረኛ አልነበርሽም። እንግዶቹን ግን አገኘኋቸው፤ ከሐይቁ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ቡና ቀርቦልን እስኪመሽ ተቀመጥን። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዤ ነበር፤ ስድስት ገጽ ሞላሁ።

መጀመሪያ ማንነታቸውን ላስተዋውቅሽ። ቦዶ፣ ባለቤቶቹ «ቦሮ» እያሉ የሚጠሩት፣ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆ የሚነገር ቋንቋ ነው። የተናጋሪዎቹ ዋና ከተማ ኮክራጃር ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 1.48 ሚሊዮን ሰዎች የአፍ መፍቻችን ነው ብለዋል። የቅርብ ወንድሞቹ ጋሮ፣ ዲማሳ፣ ራብሃ እና በትሪፑራ የሚነገረው ኮክቦሮክ ናቸው። የሩቅ ዘመዶቹ ደግሞ ቲቤትኛ፣ በርማኛ እና ቻይንኛ ናቸው።

ኬችዋን አንድ ቋንቋ ከማለት የቋንቋ ቤተሰብ ማለት ይሻላል። ከደቡብ ኮሎምቢያ እስከ ሰሜን አርጀንቲና በአንዲስ ተራሮች ላይ ወደ 8 ሚሊዮን ሰዎች ይናገሩታል። የማዕከላዊ ፔሩ የአንካሽ ሰውና የኩስኮ ሰው ሁለቱም «ኬችዋ እናወራለን» ይላሉ፤ ሲገናኙ ግን እርስ በርስ ለመግባባት ይቸገራሉ። ጋሪ ፓርከርና አልፍሬዶ ቶሬሮ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ፣ ቤተሰቡ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች እንዳሉት አሳይተዋል። ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን «ሩናሲሚ» ይሉታል። «ሩና» ሰው ነው፤ «ሲሚ» ደግሞ አፍ። የሰው አፍ ማለት ነው። የኩስኮዋ እንግዳ ይህን ስትነግረኝ ደብተሬን ዘግቼ አየኋት። እኛ የተቀመጥንበት ከተማ ቋንቋ «ሲዳሙ አፎ» ነው፣ የሲዳማ አፍ። ጎረቤታችን «አፋን ኦሮሞ» ነው፣ የኦሮሞ አፍ። አማርኛም «የአፍ መፍቻ» ይላል። እንዲህ ያለ መመሳሰል ልብ ይነካል፤ ዝምድናን ግን አያረጋግጥም። አፍ ያለው ሁሉ ቋንቋውን በአፉ ሊሰይም ይችላል።

ታዲያ ዝምድና የሚመሰከረው በምንድን ነው? በየቃሉ በሥርዓት በሚደጋገም የድምፅ ተዛምዶ ነው። ሲዳምኛ ሲቆጥር ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ ይላል። ሀዲይኛ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ፣ ሶሮ፣ ኦንቶ ይላል። በገበያ ያደገ ልጅ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አሁን ቦዶን ተመልከቺ፦ ሴ፣ ንይ፣ ታም፣ ብርይ፣ ባ። ወንድሙ ኮክቦሮክ፦ ሳ፣ ንይ፣ ታም፣ ብርይ፣ ባ። ከአንዱ በቀር ልዩነት የለም። ኬችዋስ? ሁክ፣ ኢስካይ፣ ኪንሳ፣ ታዋ፣ ፒስቃ። ከቦዶ ጋር የሚያገናኘው አንድም ክር የለም።

አንድ ወጥመድ ግን ላሳይሽ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የአሳሙ መምህር «አንድ ሰው» በቦዶ «ማንሲ ሳሴ» ነው አሉኝ። ሳሴ! ቡና ያቀረበችልን ልጅ ሲዳማ ነበረችና ሰምታ ሳቀች፤ ለእሷ ሳሴ ሦስት ነው። ቦዶና ሲዳምኛ አንድ ቃል ተካፈሉ ማለት ነው? አይደለም። በቦዶ «ሳ» ሰው ሲቆጠር የሚገባ ምልክት ነው፣ «ሴ» አንድ ነው። በሲዳምኛ ሳሴ ከሀዲይኛው ሳሶ ጋር የሚሄድ አንድ ያልተከፈለ ቃል ነው። ሁለት መንገደኞች በአንድ ቀለም ልብስ ስለተገናኙ ወንድማማች አይሆኑም። በሲዳምኛ ውሃ «ዋ» ነው፤ የእንግሊዝኛው «ዎተር» ከዚያ መጣ የሚል ሰው ግን የለም።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ዋና ማስረጃ ልሂድ፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል ወዳለው። እዚህ ላይ የራሳችን አማርኛ ምስክር ነው። ግዕዝ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። የኦሪት ዘፍጥረት መክፈቻ በግዕዝ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል፤ ግሱ «ገብረ» ከባለቤቱ በፊት ቆሟል። በአማርኛ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ይሆናል፤ ግሱ መጨረሻ ሄዷል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ ከእነ ሲዳምኛና ኦሮምኛ ዘመዶች ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮ በመኖሩ እንደወሰደው ብዙዎቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። እንግዲህ ሥጋ ዘመዱ የሆነው ግዕዝ አሰላለፉ ይለያል፤ የሩቅ የሆነው ሲዳምኛ ደግሞ አሰላለፉ ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። የቃላት አሰላለፍ ከጎረቤት ይወረሳል፣ ራሱንም ችሎ ይፈጠራል። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ የሚለው ተራ ከሁሉም አሰላለፎች ይበልጥ በዓለም ቋንቋዎች የተስፋፋ ነው፤ ጃፓንኛም ቱርክኛም እንዲሁ ናቸው።

ስለ እስያ የተናገረው ታሪክ ራሱ ሐሰት አይደለም። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አባቶች ከሳይቤሪያ ወደ አላስካ የተሻገሩት ዛሬ በቤሪንግ ባሕር ሥር በሰጠመው ምድር በኩል ነው፤ ይህም ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። የቦዶ፣ የቲቤትኛና የቻይንኛ የጋራ አባት የሆነው ቋንቋ ግን ብዙዎች ከ6,000 እስከ 8,000 ዓመት ዕድሜ ነው የሚሰጡት። ተጓዦቹ ሲሻገሩ ያ ቋንቋ ገና አልተወለደም ነበር። ባልተወለደ አባት ወንድማማች መሆን አይቻልም፤ ይህንን ለባልደረባሽ ንገሪው።

አሁን እኔን እስከ ምሽት ያስቀመጠኝን ልንገርሽ። ሁለት ቋንቋዎችን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ይህ ቋንቋ ተናጋሪውን ምን እንዲናገር ያስገድደዋል? በዚህ ሚዛን ቦዶና ኬችዋ እጅግ ይራራቃሉ።

ግሱን እንውሰድ። በቦዶ «በላሁ» ለማለት «አንግ ዛባይ» ነው። «በላህ» ሲሆን «ንንግ ዛባይ»። «በላ» ወይም «በላች» ሲሆን «ቢ ዛባይ»። ግሱ ማንም ይብላ ማን አይለወጥም፤ የበላውን የሚነግርሽ ከፊት የቆመው ቃል ብቻ ነው። ኬችዋ ግን ሚኩኒ፣ ሚኩንኪ፣ ሚኩን ይላል፤ እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ይበላል። አልፎም ተርፎ ተሳቢውን በግሱ ውስጥ ይከታል፤ «ሪኩይኪ» ማለት አይሃለሁ ወይም አይሻለሁ ነው፣ በአንድ ቃል። የአሳሙ መምህር በዚህ ተገርመው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰው እንዴት ይገባል ብለው ጠየቁ። እኔ አልገረመኝም። አማርኛም «አየሁሽ» ይላል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግስን በተመለከተ የኩስኮዋ ሴትና እኔ በአንድ ወገን ነበርን።

ከዚያ ከአላሙራ ተራራ በኩል ደመና ተነሣ። ወደ ደመናው እያመለከተች ሦስት ነገር አስጻፈችኝ። «ፓራሙሻንሚ» ማለት እየዘነበ ነው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው። «ፓራሙሻንሲ» እየዘነበ ነው አሉ፣ እኔ ግን አላየሁም። «ፓራሙሻንቻ» ሳይዘንብ አይቀርም፣ ግምቴ ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ሚ፣ ሲ ወይም ቻ፣ ወሬው ከየት እንደመጣ ትመሰክራለች። አማርኛ «አሉ» የምትል ቃል አለችው፤ ማከሉ ግን ለተናጋሪው የተተወ ነው። በኬችዋ ግን ወግ ያለው ተናጋሪ የሰማውን ያየ አስመስሎ ማውራት ነውር ነው። አያቷ ተረት ሲያወሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ«ሲ» እንደሚተርኩ፣ ስለ ገዛ እርሻቸው ሲናገሩ ግን ወደ «ሚ» እንደሚመለሱ ነገረችኝ። ይህን ሳስብ ሰነበትኩ። ሰፈራችን ውስጥ ወሬ ሲዞር «ሚ» ነው ወይስ «ሲ» ብሎ መጠየቅ ቢቻል ስንት ሰው ከስም መጥፋት በዳነ ነበር!

ስንለያይ ደግሞ «ነገ ጠዋት አሞራ ገደል እንሄዳለን» አለችን። በአማርኛ ብትለው ኖሮ ተጋብዤ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ማየት ነበረብኝ። «በኬችዋ በይው» አልኳት። «ኞቃንቺስ» አለች፤ አድማጩን የሚጨምር «እኛ» ነው። እኔን ሳትጨምር ቢሆን «ኞቃይኩ» ትል ነበር። ቦዶም እንደ እኛ አንድ «እኛ» ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ዓርብ ማለዳ አብረን ዓሣ ገበያ ወረድን። እዚያ ደግሞ ተራው የቦዶ ነበር። መምህሩ ከፊታችን የተዘረጋውን ዓሣ «ና ማሴ» ብለው ቆጠሩ፤ ና ዓሣ ነው፣ «ማ» የእንስሳ መቁጠሪያ፣ «ሴ» አንድ። ሁለት ዓሣ «ና ማንይ»። ዓሣ አጥማጁን ሲቆጥሩት ደግሞ «ሳሴ»። በቦዶ ቁጥር ብቻውን አይቆምም፤ የሚቆጠረው ሰው ነው ወይስ እንስሳ ወይስ ፍሬ ብሎ መወሰን ግድ ነው። እኛም ጥቂት አለን፤ «አምስት ፍሬ ሎሚ»፣ «ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንላለን። በቦዶ ግን ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው። ኬችዋ በበኩሉ «ሁክ ቻልዋ፣ ኢስካይ ቻልዋ» ብሎ ያልፋል፤ አንድ ዓሣ፣ ሁለት ዓሣ።

የዝምድና ስሞቻቸውን ሳልነግርሽ አልጨርስም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የማረኩኝ እነሱ ናቸው። በቦዶ «አባት» የሚባል፣ የማንም ያልሆነ፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ቃል የለም። «አፓ» የእኔ አባት፣ «ንምፓ» የአንተ አባት፣ «ቢፓ» የእሱ አባት ነው። እናትም እንዲሁ፤ «አይ» የእኔ፣ «ንማ» የአንተ፣ «ቢማ» የእሱ። አባት ካለ የአንድ ሰው አባት ነው፤ ባለቤቱ በቃሉ ውስጥ ተሰፍቷል። ኬችዋ ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ተናጋሪው ወንድ ነው ሴት? የወንድ ወንድሙ «ዋውቂ» ነው፤ የሴት ወንድሟ «ቱራ»። የወንድ እህቱ «ፓና» ናት፤ የሴት እህቷ «ኛኛ»። አባት ወንድ ልጁን «ቹሪ»፣ ሴት ልጁን «ኡሱሲ» ይላል፤ እናት ግን ሁለቱንም «ዋዋ» ትላለች። አንቺና ወንድምሽ ስለ አንድ ሦስተኛ ወንድማችሁ ስታወሩ ቃላችሁ የተለያየ ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች «እሱ» እና «እሷ»ን አይለዩም ብለሽ ጽፈሻል፤ ልክ ነሽ፣ በቦዶ «ቢ»፣ በኬችዋ «ፓይ» ለሁለቱም ይሆናል። ነገር ግን ኬችዋ በተውላጠ ስም የተወውን ወንድና ሴት በዝምድና ስም ውስጥ መልሶ አምጥቶታል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐሙስ ዕለት በሆቴሉ ከጎንዎ ካለው ጠረጴዛ ነበርኩ፤ ከእንግዶቹ ያገኙትን ቃል በፊደላችን ሲጽፉ አየሁ። ሁለቱ ሕዝቦች በምን ይጽፋሉ? ይህን የምጠይቀው ልጄ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ነው። ሲዳምኛን በላቲን፣ አማርኛን በፊደል ይማራል። ይምታታበታል ብዬ እሰጋለሁ።
የሂሳብ ባለሙያ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጽሕፈት ነገር ለእኔ የሕይወቴ ጉዳይ ነው፤ እባክዎ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይታገሡኝ።

ቦዶን መጀመሪያ የጻፉት ሚስዮናውያን ናቸው፤ ሲድኒ ኤንድል የተባሉ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1884 ሰዋስዉን በላቲን ፊደል አሳተሙ። የቦዶ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቋመ፤ በ1963 ቋንቋው የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ የሚጻፈው በአሳምኛ ፊደል ነበር። በ1974 ጉባኤው በላቲን ፊደል የተዘጋጀ የንባብ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች አስገባ። መንግሥት አልተቀበለውም። ሰልፍ ተወጣ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ስለ ፊደል ሰው ሞተ። በ1975 በስምምነት ሂንዲ የሚጻፍበት ዴቫናጋሪ ተመረጠ፤ እስከ ዛሬም በእሱ ነው የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቦዶ በህንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሠንጠረዥ ከተመዘገቡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። እንግዳችን ራሳቸው በዴቫናጋሪ ነው የተማሩት፤ አባታቸው ግን የቤት ደብዳቤ የሚጽፉት በአሳምኛ ፊደል ነበር። የአባታቸውን የድሮ ደብዳቤዎች ለልጆቻቸው የሚያነቡላቸው እሳቸው መሆናቸውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

የኬችዋ ፊደል ላቲን ነው፤ ጠቡ በአናባቢ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዶሚንጎ ደ ሳንቶ ቶማስ የተባሉ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1560 በስፔን አሳትመዋል፤ በ1584 በሊማ የታተመው የደቡብ አሜሪካ የመጀመሪያ መጽሐፍም በስፓኒሽ፣ በኬችዋና አይማራ በሚባለው ሌላው የአንዲስ ቋንቋ የተዘጋጀ የሃይማኖት ትምህርት ነበር። ሁለተኛው ቱፓክ አማሩ የተባለ የአገሬው ተወላጆች መሪ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ላይ አምፆ እ.ኤ.አ. በ1781 በኩስኮ አደባባይ ከተገደለ በኋላ ግን ቅኝ ገዢዎቹ ቋንቋውን ለማጥፋት ተነሡ። ፔሩ ኬችዋን ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ያደረገችው በ1975 ነው፤ ቦዶ ፊደሉን ባገኘበት በዚያው ዓመት። በመጀመሪያ በአምስት አናባቢ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በ1985 ሦስት ይበቃሉ ተባለ፤ አ፣ ኢ እና ኡ። ምክንያቱ ቋንቋው የሚለያቸው ሦስቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ኤ እና ኦ የሚሰሙት ከጉሮሮ ከሚወጣ ድምፅ አጠገብ ሲሆኑ ብቻ ነው። በኩስኮ ያለው የኬችዋ አካዳሚ ግን አምስቱን አልለቅም ብሏል። በዚህም ምክንያት የገዛ ከተማቸው ስም አንድ ቦታ «ቆስቆ»፣ ሌላ ቦታ «ቁስቁ» ተብሎ ይጻፋል። እኛም የከተማችንን ስም አዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ እያልን ስንጽፍ ነው የኖርነው፤ ስለዚህ የእነሱ ጭንቀት ይገባኛል።

በፊደላችን መጻፌን አይተዋል። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። የኩስኮ ኬችዋ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ። «ታንታ» ስብስብ ማለት ነው፤ «ጣንታ» ዳቦ ነው። ቲውን በትንፋሽ ካወጡት ደግሞ ያረጀ ልብስ ይሆናል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይህን ልዩነት ለመስማት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ላቲኑም በፊደሉ ላይ ጭረት ጨምሮ ነው የሚያሳየው። እኔ «ጣንታ» ብዬ ጽፌ መልሼ ሳነብላት ሴትዮዋ ቡናዋን አስቀምጣ እንደገና እንድላት ለመነችኝ። «ጢካ» አበባ፣ «ጩኙ» በውርጭ የደረቀ ድንች፣ «ጱንቻይ» ቀን። አንዱም አላስቸገረኝም። ከቦዶ በኩል ደግሞ ውሃ «ድይ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የማይጻፈው ያ አናባቢ የእኛን ሳድስ ይመስላል። ፊደላችን የማይችለው የቦዶን ከፍና ዝቅ የሚል የድምፅ ቃና ነው፤ በቦዶ ቃና ሲለወጥ ትርጉም ይለወጣል። ይህ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን የሚለየው ማጥበቅና ማላላት በፊደሉ ላይ የለም፤ አንባቢው ከራሱ ይጨምራል።

አሁን ስለ ልጅዎ። እናቴ ሲዳማ፣ አባቴ አማርኛ ተናጋሪ ነበሩ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በእናቴ ቋንቋ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ይንበረከክ ነበር፤ ጉልበቴ ያንን ጠጠር አልረሳውም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ተደረገ፤ ሲዳምኛ አንዱ ነበር። ወጣት ዘማች ሆኜ በገጠር አንድ ዳስ ውስጥ ሲዳምኛን በፊደል አስተማርኩ። አንዲት የስድሳ ዓመት እናት በጣታቸው እየተከተሉ «ዋ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ አየሁ። በፊደላችን «ዋ» አንድ ምልክት ናት፤ በሲዳምኛ ግን አናባቢው ረጅም ነው፤ እሳቸው አጭር አድርገው አነበቡትና ቀና ብለው «ይህ ውሃ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲዳምኛ ወደ ላቲን ሲዞር ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ እየተጻፈ ግልጽ ሆነ። ፊደላችንን የምወድ ሰው ነኝ፤ ግን ያቺ እናት ትክክል ነበሩ።

ልጅዎ በሁለት ጽሕፈት መማሩ አያምታታውም። የፊደሎቹ መልክ እጅግ ስለሚራራቅ ሕፃን አይሳሳታቸውም። የማየው መሰናክል ያለው በሲዳምኛና በአማርኛ መካከል ሳይሆን በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ መካከል ነው። ሁለቱም ላቲን ናቸው፤ ድምፁ ግን ይለያል። በሲዳምኛ «ኤክስ» ጥ ነው፣ «ሲ» ጭ ነው፣ «ኪው» ቅ ነው። ልጁ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሲያነብ ጥ የሚለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የተማረውን በትክክል ስላስታወሰ ነው። ስለዚህ አይቆጡት። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግተው ተመሳሳዩን ፊደል በየቋንቋው ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርጉ። እርስዎ ሲዳምኛ የማያነቡ ከሆነ እሱ ያስተምርዎ፤ ልጅ አባቱን ሲያስተምር የሚማረውን ያህል ከማንም አይማርም።

ጥያቄ፦ ከኬችዋ ወደ አማርኛ የገባ ቃል አለ?
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አለ፤ ምናልባትም በዚህ ሳምንት ውጠኸው ይሆናል። ኬችዋ የዛፍ ልጣጭን «ኪና» ይላል። በአንዲስ የሚበቅል የአንድ ዛፍ ልጣጭ ትኩሳትን እንደሚያበርድ የኢየሱሳውያን ካህናት በ17ኛው መቶ ዘመን አውቀው ወደ አውሮፓ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔሌቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒቱን ፍሬ ነገር ከልጣጩ ለይተው በፓሪስ አወጡና ከኪና ስም ወስደው «ኪኒን» አሉት። እኛ ቃሉን ተቀብለን ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠነው። በሐዋሳ ወባ ሲነሣ እናቴ እፍኝ ቆሎና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ «በል ኪኒንህን ዋጥ» ትለኝ ነበር፤ ምሬቱን በቆሎው እንድረሳ።